ወረቀቱን ያላየ ሰው ይስማው

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ያደረግሁት ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ነክቼዋለሁ።)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ቴክኖሎጂና ሕክምና አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። የ1998 ዓ.ም. ተመራቂዎች ታውቁኛላችሁ፤ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ፍሎፒ ዲስክ ገልብጣ ከትታ ማሽኑን ያስቆለፈችው ልጅ ነኝ። ስለዚህ ስለማላውቀው ነገር አልናገርም። የማውቀው ይህ ነው፦ ቆሼ አካባቢ ለማክማቸው ሰዎች የምጽፋቸውን የጤና ምክሮች ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር መሣሪያ እያስነበብኩ ማሰማት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደስ የሚል ነገር አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ በገዛ ድምፅ ፋይሌ ሰው ልጎዳ፣ እንዲያውም ልገድል ደርሼ ነበር። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ቆሼን በዜና ብቻ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ ያለ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲቆለልበት የኖረ ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ፤ ለውጭ ሰው የቆሼ ታሪክ በነዚህ ሁለት ዜናዎች ያልቃል። እኔ የማውቀው ቆሼ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ለሥጋ ደዌ ሕክምና መጥተው እዚያው የቀሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ከመቋቋሙ በፊት እዚያ የነበረው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። ሰዎቹ ሆስፒታሉን ተከትለው መጡ፣ ከተማው ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ እነሱ አጠገብ መጣ።

ሐኪሞች ስለሆናችሁ ይህን አታጡትም፤ ግን ሌሎቻችሁ ስሙኝ። ሥጋ ደዌ ዛሬ በስድስት ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድ ላይ መስጠት አገራችን የጀመረችው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የታመሙት፣ ወይም ዘግይተው የመጡት፣ ባክቴሪያው ቢጠፋም የተጎዳው ነርቭ አልተመለሰላቸውም። የፊት ነርቭ ሲጎዳ የዓይን ቆብ አይዘጋም፤ የዓይን መስተዋት ስሜት ሲጠፋ አቧራው ሲገባ አይታወቅም። አቧራ ደግሞ ቆሼ ውስጥ አይታጣም። ብዙዎቹ እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው ብርሃናቸውን ያጡት።

ዓይነ ስውር ሲባል ሰው ቶሎ ብሬል ያስባል። ብሬል የሚነበበው በጣት ጫፍ ነው፤ ሥጋ ደዌ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ የጣት ጫፍ ስሜት ነው። ታች ስክሪን ስልክም እንዲሁ፤ ያጠረና የደረቀ ጣት ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ለነዚህ ሰዎች የቀረው ጆሮ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ለዓመታት ስጽፍ የኖርኩት ወረቀት ነው። አንድ አንድ ገጽ፦ ስለ እግር ቁስል፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሕፃን ተቅማጥ። ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ተራ ለሚጠብቁ አድላለሁ። ባልደረቦቼ «ጥሩ ጽፈሻል» ይሉኛል፤ አሁን ሳስበው አንባቢዎቼ እነሱ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ከበር ላይ ቆሎ ገዝቼ ስፈታው የተጠቀለለበት ወረቀት «እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱ» የሚለው የራሴ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት። ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቅሟል።

ወደ ድምፅ የገፋችኝ አንዲት እናት ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም፣ የእጅ ጣቶቿ አጥረዋል። ወረቀት ስሰጣት ሁልጊዜ ተቀብላ አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረው ነበር፤ ቤት ስትሄድ የምታነብላት ልጅ ነበረቻት። ከ2009 መጋቢት በኋላ አንድ ቀን እንደ ልማዴ ወረቀት ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፣ ቋጠረችው፣ ከዚያ «አሁንስ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው ልጄ?» አለችኝ። ልጅቷ ክምሩ ሥር ከነበሩት አንዷ ናት። የቀረው የልጅ ልጅ ያኔ ገና ፊደል አልቆጠረም። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ለማግኘት ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ እመለሳለሁ። ማሽን አማርኛ እንዲያነብ መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ ታደሰ አንበርብርና ፕሮፌሰር ቶሚዮ ታካራ የሠሩት የአማርኛ ንባብ ሥርዓት በ2009 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች በተደረገ ስብሰባ ቀርቧል። የድሮዎቹ የተቀዳ ድምፅ እየቆራረጡ ይገጣጥሙ ወይም በሕግ በተቀመጠ ስሌት ድምፅ ይሠሩ ነበር። የአሁኖቹ ግን ጽሑፍና የጽሑፉን ንባብ ጎን ለጎን ለብዙ ሰዓት «ሰምተው» ራሳቸው ይማራሉ። ማይክሮሶፍት አመሃና መቅደስ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሜታ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ያካተተ ሥራ ሲያወጣ አማርኛም ነበረበት፤ ለዚያ ሥራ ዋናው የድምፅ ምንጭ የአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ይህ ማሽን «ለምጻም» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ሰምቶታል፣ «ክሎፋዚሚን» የሚለውን ግን አንድ ቀን አልሰማም።

እኔ ሦስት አራቱን ሞክሬያለሁ። የትኛው ምን እንዳደረገ ስም አልጠራም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ ጥፋት የማሽን ሳይሆን የእኔ ስለሆነ።

አሠራሬ ቀላል ነው። እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል፤ ሜሞሪ ካርድ ላይ እገለብጠዋለሁ። ካርዱ መርካቶ በሚሸጡት ትንንሽ ሬዲዮኖች ውስጥ ይገባል፤ ሬዲዮኑ በክርን እንኳ የሚጫን ቁልፍ ስላለው ስሜት የሌለው እጅ ይሠራበታል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ፊደል አያስፈልግም። ቆሼ ውስጥ ደግሞ የተሰበረ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ፋይል ያሰማሁት ተራ ይጠብቁ ለነበሩ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ነው። ስለ መድኃኒት አለመስማማት ነበር። የሴት ድምፅ፣ ጥርት ያለች፣ «ሽፍታ ከወጣብዎ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይምጡ» አለች። ሰዎቹ ተያዩ። አንድ አዛውንት ከበስተኋላ «ሽፍታ ከወጣብኝማ ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ ምን ያመጣኛል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማሽኗ «ፍ»ን አላልታ አነበበችው፤ ቆዳ ላይ የሚወጣው ጫካ የሚገባው ሆነ።

(አዳራሹ ውስጥ ሁለቱንም አንብቤ አሰምቻችኋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው።)

ፊደላችን ጥብቀትና ልላትን አይጽፍም። ገና ልደት ነው፣ ገና ያልደረሰም ነው። ዋና ውሃ ውስጥ ነው፣ ዋና ትልቁም ነው። ሰፊ ልብስ ይሰፋል፣ ሰፊ ሜዳም አለ። እኛ ስናነብ አናስተውለውም፤ ዓይናችን ፊደሉን ሲያይ አእምሯችን ቀጥሎ የሚመጣውን አይቶ ይወስናል። የጤና ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፣ ምክንያቱም እኛ ሐኪሞች «ይደረጋል፣ አይደረግም» ብለን መጻፍ እንወዳለን። «ቁስሉ አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። ጠብቆ ሲነበብ ማንም እንዳይነካው ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ቁስሉ ራሱ ማንንም አይነካም። «መድኃኒቱ ለሌላ ሰው አይሰጥም» ሲላላ መድኃኒቱ ንፉግ ይሆናል። አንድ ፊደል ላይ ጠበቅ ማድረግ ነው ጠቅላላ ልዩነቱ፤ ያ ጥብቀት ግን የሚገኘው ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከአንባቢው አፍ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ከእኛ በፊት ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በሚጠብቁት ፊደሎች ላይ ነጥብ አድርገዋል። መጽሐፉ ቤታችሁ ካለ የድሮውን እትም ገልጣችሁ እዩት። ልማዱ ግን አልተከተላቸውም። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው፤ ከእኛ ቀድሞ የነበረው ትውልድ ጉዱ ካሳን የሚያውቀው በሱ ድምፅ ነው። ማንበብ የማይችሉት የሰፈራችን እናቶች እንኳ ሰብለ ወንጌልን ያውቋት ነበር። ነጥቦቹን ረስተን አንባቢውን አስታወስን። አንባቢው እስካለ ድረስ ነጥቡ አላስፈለገንም፤ አሁን አንባቢው ማሽን ሲሆን ነው ነጥቡ የጎደለን። በነገራችን ላይ በኮምፒውተር ደረጃ ፊደል ላይ የሚቀመጥ የጥብቀት ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። እኔ ግን በስልኬ ላይ እሱን የምጽፍበት ቁልፍ አላገኘሁም፤ አብዛኛው ማሽንም ቢጽፉለት አያውቀውም።

ተማሪ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ እየሄድኩ ለአንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ አነብ ነበር። እዚህ ካላችሁት መካከል ያነበባችሁ ብዙ ናችሁ፤ የግቢው ወግ ነበር። ያ ልጅ ያለ ርኅራኄ ያርመኝ ነበር። ስሳሳት «ቆይ፣ ተመለሽ፣ ምን አልሽ?» ይላል። ስደክም ያውቀዋል፤ ስቸኩል ያውቀዋል። ማሽኗን ግን «ቆይ፣ ተመለሽ» የሚላት የለም። ብሎ የሚነግራትም ቢኖር አትሰማም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ለስድስት ወር ያህል ያዘጋጀሁት አጠቃላይ ምክር ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱንም ካርድ ላይ ከመገልበጤ በፊት እስከ መጨረሻው አዳምጥ ነበር። ሰዎቹ ወደዱት። «ይቺ ልጅ ደህና ታወራለች፣ ግን ትንፋሽ የላትም» ያለች አንዲት እናት አለች፤ ልክ ናት፣ ማሽኑ ለመተንፈስ አያርፍም፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ካልጻፍኩለት ሰሚውን ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ «በየቀኑ እግርዎን ይመልከቱ» የሚለውን ምክሬን ማየት ለማይችሉ ሰዎች ለወራት ሳሰማ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ከትሕትና ነው። ራሴ አንድ ቀን ስሰማው አፈርኩ፤ «ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ በየቀኑ እግርዎን ይዩልዎት» ብዬ ቀየርኩት።

ነገሩ ሲሳካ ተደፋፈርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መድኃኒት አወሳሰድ በድምፅ አድርጌ መስጠት ጀመርኩ። ያቺ ወረቀቱን ከነጠላዋ የምትቋጥረው እናት የደም ግፊት ነበረባት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ባለ 25 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ። ለወር 15 ኪኒን። የዚያን ቀን ተራው ረጅም ነበር። በማዘዣ ወረቀት ላይ እንደለመድኩት «ጠዋት ጠዋት 1/2 ኪኒን ይውሰዱ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀየርኩት፣ ገለበጥኩት፣ ሰጠኋት። አላዳመጥኩትም።

ማሽኗ ያነበበችው «ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለት ኪኒን ይውሰዱ» ብላ ነው።

በእኛ ቋንቋ አንድ ሁለት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ሁለት ሰው መጣ። አንድ ሁለት እንበል። ጥቂት ማለት ነው፣ እንደተመቸ ማለት ነው።

በ12ኛው ቀን የልጅ ልጇ እጇን ይዞ አመጣት። ጠዋት ከመደብ ስትነሳ ዞሮባት በሩ ላይ ወድቃለች። ጉልበቷ አብጧል፤ አጥንት አልተሰበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተኝታ ስለካት ላይኛው 110፣ ቆማ ስለካት 80። «መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስጂው እማማ?» አልኳት። «አልቋል» አለች። «ያቺ ልጅሽ እንዳለችኝ ነው። ሲከፋኝ ሁለት፣ ሲሻለኝ አንድ።»

ልጅሽ። ለካ ማሽኗን የእኔ ልጅ አድርጋት ነው የኖረችው።

ሬዲዮኑን አስመጣሁና አብረን ሰማነው። መድኃኒት የሰጣት ባለሙያ ግማሽ እንደሆነ በአፉ ነግሯት ነበር፤ እሷም ታስታውሳለች። «እሱ አንድ ጊዜ ነገረኝ፣ ይቺ ግን በየጠዋቱ ትነግረኛለች» አለችኝ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ንግግር ነው። እኔ በአፌ ብሳሳት ስህተቱ አንድ ጊዜ ይነገራል፣ ሰሚውም ሊረሳው ይችላል፣ ወይም ፊቴን አይቶ ይጠራጠራል። በካርድ የሰጠሁት ስህተት ግን በየማለዳው፣ በጠራ ድምፅ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይደገማል። ለመድገም ነበር እኮ የሠራሁት።

በዚያው ሳምንት የመድኃኒት መጠን ያለባቸውን ካርዶች ሁሉ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዘጠኝ ነበሩ፤ ስምንቱን አገኘሁ። የዘጠነኛው ባለቤት ወደ አገራቸው ሄደዋል አሉኝ፤ ለየትኛው አገር እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት አልተገኘም። ከማስታወሻዬ እንዳየሁት በሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ክፍልፋይ ቁጥር የለም። ቢሆንም ያ ካርድ አሁንም የሆነ ቦታ ጠዋት ጠዋት እያወራ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት መጠን በማሽን አላስነብብም። እሱን ራሴ በአፌ እቀዳዋለሁ፣ ስሟን ጠርቼ፣ ቀስ ብዬ። «ታዲያ ሁሉንም ለምን በራስሽ ድምፅ አትቀጂውም?» ያላችሁኝ አላችሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሞክሬዋለሁ። አንድ ገጽ በጸጥታ ለመቅዳት ቆሼ አካባቢ ጸጥታ የት ይገኛል? የቆሻሻ መኪና አለ፣ በር የሚያንኳኳ አለ። ደግሞ መመሪያ ሲቀየር አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል ሁሉንም እንደገና መቅዳት አለብኝ፤ ማሽኑ ግን በደቂቃ ያስተካክለዋል። ለአጠቃላይ ምክር ማሽኑ ይበቃል። ሰው ሊጎዳ ለሚችል ቁጥር አይበቃም። እኔ መስመሩን ያሰመርኩት እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ሐኪም ሌላ ቦታ ሊያሰምረው ይችላል።

አጻጻፌም ተቀየረ። ቁጥር በፊደል፦ «ግማሽ»፣ «ሦስት ጊዜ»። «ሆ/ል» የለም፣ «ሚ.ግ.» የለም። ሰዓት ስጽፍ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» እላለሁ እንጂ «2:00» አልልም፤ ማሽኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያስበው ስለማይታወቅ። «አይነካም» ቀርቶ «አይንኩት»፣ «አይሰጥም» ቀርቶ «ለሌላ ሰው አይስጡ» ሆኗል፤ ፊት ለፊት ሰውን ስታናግሩት ጥብቀቱ ብዙም አያሳስትም፣ ምክሩም የሰው ምክር ይመስላል። «ሽፍታ» ከጽሑፌ ተባሯል፤ «ቆዳዎ ላይ የሚያሳክክ ነገር ከወጣ» ነው የምለው። የሕመምተኛ ስም ማሽኑ ውስጥ ፈጽሞ አላስገባም፤ ጽሑፉ አገር ውጭ ያለ ኮምፒውተር ዘንድ ደርሶ ነው የሚመለሰው፣ የሥጋ ደዌ ታሪክ ያለበትን ሰው ስም ደግሞ ማንም ዘንድ አልልክም።

ከሁሉም በላይ የያዝኩት ልማድ ግን አንድ ነው። ፋይሉ ሲያልቅ ወረቀቱን ያላየ ሰው ይሰማዋል። እኔ አልችልም፤ የጻፍኩትን ስለማውቀው ጆሮዬ ራሱ ያርመዋል፣ ሽፍታውን በሽታ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ አንዲት የጽዳት ሠራተኛና ያቺ እናት ይሰሙታል፤ ከዚያ «ምን አለች?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ በራሳቸው ቃል መልሰው ይነግሩኛል። ያቺ እናት ዛሬ ከሁሉ የጠነከረች አራሚዬ ናት። ልክ እንደዚያ የሕግ ተማሪ «ቆይ፣ መልሺው» ትለኛለች። በቅርቡ አንድ ፋይል ላይ «ልጅሽ ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» ብላ ሦስት ቦታ አስለወጠችኝ። የልጅ ልጇ አሁን አራተኛ ክፍል ነው፣ ያነባል። «ያንብብልሽ እንጂ» ስላት «እሱ ፊደሉን ያነባል፣ ነገሩን ገና ነው» አለችኝ። ማሽኗም እንደዚያው ናት።

ኦሮምኛ የሚናገሩ ታካሚዎቼ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። አንድ ባልደረባዬ ምክሮቹን በኦሮምኛ ጻፋቸው። ቁቤ ጥብቀቱን ፊደሉን ደግሞ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ እኛን ያስቸገረን ነገር እዚያ ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ አለ። ባልደረባዬ ለጥቂት ቀን ሲኮራብኝ ከረመ። ግማሽን በቁጥር ጽፎ ከመላኩ በፊት ግን ደርሼበታለሁ።

እንግዲህ ለምን እዚህ መጥቼ ይህን ነገርኳችሁ? ልመና ስላለኝ ነው። በእጄ 140 የሚያህሉ የጤና ቃላት ዝርዝር አለኝ፤ ላልተውም ጠብቀውም ትርጉም የሚሰጡ፣ ወይም ማሽን የሚስታቸው። በሐኪም ጆሮ የተሰበሰበ ስለሆነ ስህተት አለበት። የቋንቋና የኮምፒውተር ክፍል መምህሮቻችን አያችሁ ብታርሙልኝ፣ ማሽን ሊማርበት በሚችል መልክ ብታስቀምጡት፣ ጥቅሙ ከቆሼ ያልፋል። ሕክምና ለምታስተምሩት ደግሞ፦ ተማሪዎቻችሁ ማዘዣ መጻፍ ሲማሩ፣ የጻፉትን አንድ ቀን ጮክ ብለው ለማያነብ ሰው ያንብቡት። እኛ ይህን አልተማርንም። በ2012 ዓ.ም. ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ ኮሮና ይነገረን የነበረው መልእክት ትዝ ይላችኋል፤ አንዳንዶቻችን ተሰላችተን እንዘጋው ነበር። ታካሚዎቼ ግን ያን መልእክት እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። ጆሮ እንዲህ ነው የሚይዘው፣ ትክክሉንም ስህተቱንም።

ሬዲዮኗን ይዣት መጥቻለሁ። ውስጧ ስለ ስኳር በሽታና ስለ እግር ጥንቃቄ ያዘጋጀሁት አዲስ ፋይል አለ፣ አራት ደቂቃ ነው፣ ለማንም ገና አልሰጠሁትም። ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ኑና ስሙልኝ፣ ከዚያ ምን እንዳለች ንገሩኝ። ወረቀቱን ግን አላሳያችሁም።